ኪሲ በሁለት ፊደል

"አለ" የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለአንድ ሰው ስጡት። "እንዲህ አለ" ነው ወይስ "ቤት ውስጥ አለ"? ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ በግምት እየሞላን ስለምናነብ ጉድለቱ አይታየንም። እኔም እስከ አርባ ሦስት ዓመቴ ታይቶኝ አያውቅም ነበር፤ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አትላንታ ዳር፣ ታከር በሚባል ሰፈር ባለው ቢሯችን ተቀምጬ ቢጫ ወረቀት ላይ "ኪሲ" ብዬ እስክጽፍ ድረስ።

የዚያን ሳምንት ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አንዲት አሮጊት ለልጅ ልጃቸው ሊነግሯት የፈለጉት አንድ ነገር ነበር። ቢበዛ ሦስት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ልጅቷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ነገሩ በጊዜው ጆሮዋ ቢደርስ እሷም በሆዷ ያለውም ይተርፋሉ፤ ባይደርስ መትረፋቸው አይታወቅም። እንዲደርስ ማድረግ ደግሞ የኔ ሥራ ነበር። ያኔ ይህን አላውቅም። ማክሰኞ ዕለት የማውቀው ስልኩ ፋታ እንዳልሰጠኝ ብቻ ነው።

ድርጅታችን አስተርጓሚ የሚያገናኝ ነው። ጥፍር ቤትና ጎማ ቤት መሐል የተሸጎጠች ሁለት ክፍል ቢሮ ነበረችን። ሆስፒታል ይደውላል፣ ትምህርት ቤት ይደውላል፣ ፍርድ ቤት ይደውላል፤ "ነገ በሦስት ሰዓት የሶማልኛ ሰው፣ ከነገ ወዲያ የበርማ ሰው" ይላሉ። እኔ እመዘግባለሁ፣ ሼጁል አደርጋለሁ፣ ሰው እልካለሁ። የዲቪ ሎተሪ ደርሶኝ አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ወንበር ያለው ይኸው ብቻ ነበር፤ ደግሞም እወደው ነበር። አንድ ጥፋት ግን ነበረብኝ። እንግሊዝኛ መጻፍ እጄን ስለሚያዘገየው ማስታወሻዬን የምይዘው በአማርኛ ነው። የድርጅቱ ባለቤት፣ ጋሼ የምንላቸው፣ አገር ቤት ሳሉ ቋንቋ ያስተማሩ፣ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ ሽማግሌ፣ ደጋግመው ነግረውኛል።

"አንቺ ልጅ፣ ስም ስትይዢ ስፔል አስደርጊያቸው። በአማርኛ የጻፍሽው እንግሊዝኛ ላንቺም አይታመንም።"

"እሺ ጋሼ" እላለሁ። እሺ ማለት ለኔ ቀላል ነው።

የደወለችው ነርስ ከከተማው በስተምሥራቅ ካለ አንድ ሆስፒታል ነበረች። ከትናንት ጀምሮ የተኙ አንዲት አሮጊት አሉ፣ ያስመልሳቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ያለማቋረጥ ይናገራሉ፣ የሚሰማቸው ግን የለም አለችኝ። ቋንቋቸው ኪሲ ነው።

"ከየት አገር ናቸው?" አልኳት።

"ከአፍሪካ" አለችኝ።

አፍሪካ! ደሜ ፈላ። እኔ ከየት ነሽ ስባል "ከዓለም" ብል ደስ ይላታል? በዚያ ሰሞን ይቺ "አፍሪካ" የምትባል መልስ አንጀቴን ታሳርረው ነበር። መጠየቄን ብቀጥል ኖሮ የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ከነርሷ አጠገብ ቆማ ነበር፣ ነርሷ ጠይቃት ትነግረኝ ነበር። እኔ ግን "እሺ፣ ይገባኛል" ብዬ በንዴት ዘጋሁት። ሌላ ሁለት መስመር እየጮኸ ነበር። ቢጫዋ ወረቀት ላይ በሁለት ፊደል "ኪሲ" ብዬ ከጎኑ የተደወለበትን ሰዓት ጻፍኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ላስገባው ስል ሁለት ቋንቋ ተደርድሮ መጣ። አንዱ በእንግሊዝኛ መሐሉ ላይ ሁለት ኤስ አለው፤ ሌላው ጫፉ ላይ ሁለት አይ አለው። ወረቀቴን አየሁ። ወረቀቴ ኪሲ ይላል። ሁለቱም ኪሲ ናቸው! ነርሷ "ሲ"ን አጥብቃ ትሁን አላልታ፣ ጫፉን ትጎትተው አትጎትተው፣ አላስታወስኩም። ደውዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ከአንዱ ኪሲ አንጻር አስተርጓሚ የለም ይላል፤ ከሌላው አንጻር እዚሁ አቅራቢያ ስማይርና በምትባል ከተማ የሚኖር አንድ ሰው አለ። ሰው ያለበትን መረጥኩና ላክሁት። ደስም ብሎኝ ነበር፤ እንዲህ ያለ ብርቅ ቋንቋ በአንድ ሰዓት ውስጥ አገኘሁ ብዬ ለጋሼ ጉራዬን ነዛሁባቸው።

ሰውየው ኬንያዊ ነበር፣ ረጋ ያለ፣ ሁልጊዜ ክራባት የሚያስር። ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታሉ ኮሪደር ደወለልኝ።

"እህቴ፣ ይህ የኔ ቋንቋ አይደለም" አለ።

"እንዴት አይደለም? ኪሲ አይደለህም?"

"የኔ ኪሲ የኬንያ ነው። እኚህ ሴት ከላይቤሪያ ናቸው፣ የልጅ ልጃቸው ነገረችኝ። በእኔና በእሳቸው መሐል አፍሪካ ሙሉዋን ተጋድማለች። ከሚሉት አንድም ቃል አልያዝኩም።"

ምን ልበል? ይቅርታ ጠየቅሁት፣ ለድካሙ አመሰገንኩት፣ ልዘጋው ስል ግን አልዘጋ አለ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ። እጅጌዬን ይዘው አልለቅም ብለውኝ ነበር። በሽተኛ አመመኝ ሲል ድምፁን አውቀዋለሁ። እሳቸው አመመኝ እያሉ አይደለም። እየለመኑ ነው።"

ስልኩን ዘግቼ ወደ ጋሼ ክፍል ሄድኩ።

ለጋሼ ስነግራቸው አልጮሁብኝም፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ቢጫዋን ወረቀት አንስተው አዩዋት፣ መነጽራቸውን አወለቁና "አየሽ?" ብቻ አሉኝ። ከዚያ ተነስተው ግድግዳው ላይ ከለጠፉት ካርቶን ፊት ቆሙ። ያ ካርቶን በእጃቸው የሣሉት የአፍሪካ ቋንቋዎች ዛፍ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ቅርንጫፍ ይጨምሩበታል፣ ይሰርዙበታል። እኛ ስንስቅባቸው ኖረናል።

"ኪሲ ይኸውልሽ" አሉ በጣታቸው። "ጊኒ፣ ሴራሊዮንና ላይቤሪያ የሚገናኙበት ጥግ ነው አገራቸው። ቤተሰቡ ትንሽ ነው። ድሮ አትላንቲክ በሚባል ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ጨምረዋቸው ነበር፤ በኋላ አንድ ሊቅ ተነሥቶ የደቡቦቹን ለብቻ አወጣና ሜል ብሎ ሰየማቸው። ሜል በራሳቸው አፍ ምላስ ከሚለው ቃል የወጣ ነው ይላሉ። በዚህ ወገን ተምኔ አለ፣ ከባጋዎቹ ጋር። በዚያ ወገን ኪሲ፣ ሸርብሮ፣ ክሪም። ክሪምን የሚናገር ሰው ጥቂት ሽማግሌ ቢቀር ነው።"

"ይሄስ የተሰረዘው?"

"ጎላ ነው። መጀመሪያ ዘመድ ነው ብለው አስገቡት፣ በኋላ አይደለም ብለው አስወጡት። አሁን ለብቻው ቆሟል።"

እንዲህ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። እኔ ግን የማስበው አሮጊቷን ነበር። በልቤ እማማ ብዬ ጠርቻቸዋለሁ፤ ከዚህ በኋላም እማማ እላቸዋለሁ።

በነጋታው ረቡዕ ልጅቷን በስልክ አገኘኋት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። በሦስት ዓመቷ ከስደተኞች ሰፈር ሌላ ቤተሰብ ይዟት መጥቶ እዚሁ አደገች፤ ከእንግሊዝኛ በቀር ቋንቋ የላትም። አያቷን አፈላልጋ ያስመጣቻቸው ከስምንት ወር በፊት ነው። ኮንየርስ ከምትባል ከተማ አልፎ ገጠሩ ውስጥ፣ የከተማ ውሃ የማይደርስበት፣ የራሱ ጉድጓድ ያለው አሮጌ ቤት ተከራይተው ሁለት ሆነው ይኖራሉ። እሷ መጋዘን ትሠራለች። የልጁ አባት የለም አለች፣ የት እንዳለ አልጠየቅኋትም።

"ቤት ውስጥ እንዴት ነው የምትግባቡት?" አልኳት።

"በእጅ" አለችኝ። "እጇን ሆዴ ላይ አድርጋ ታወራለታለች። ለሕፃኑ ብዙ ታወራለታለች። እኔ ምን እንደምትለው አላውቅም።"

ከሰኞ ጀምሮ ሆስፒታሉ ወንበር ላይ ነው የምታድረው። የምትበላውም የምትጠጣውም ከማሽኑ ነው። ሐኪሞቹ የሆድ ኢንፌክሽን ይሆናል፣ ዕድሜም አለ፣ ግራ መጋባትም አለ እያሉ ነው አለችኝ። "ግን ግራ አልተጋባችም" አለች። "ዓይኖቼን እያየች ነው የምትናገረው። አንድ ነገር ልትነግረኝ ትፈልጋለች። እባክሽ ሰው አግኚልኝ።" እባክሽ ያለችበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ያላንኳኳሁት በር የለም። ስደተኛ በሚበዛባት ክላርክስተን ያሉ የላይቤሪያ ሰዎች ደግ ናቸው፤ አንዲት ሴት ሥራዋን ጥላ ሄደችላቸው። ግን የሷ ቋንቋ ክፔሌ ነው። አንድ ዲያቆን ሄደ፤ የሱም ባሳ ነው። ያው ጎንደሬ ካፍኛ እንደማይሰማው ነው። ከአንድ አገር መጡ ማለት ዘመድ ናቸው ማለት እንዳልሆነ ከኛ በላይ ማን ያውቃል? በስልክ የሚያስተረጉሙትን ትልልቅ ድርጅቶች ጠየቅሁ። አንዱ ጋ አንዲት የኪሲ ሴት ተገኘች፣ ሌላ ስቴት ነው የምትኖረው፣ ክፍት የምትሆነው ዓርብ ጠዋት ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ክፉ በሽታ ኢቦላ በኪሲዎች አገር ተነሥቶ ዓለም ሁሉ ኪሲ የሚችል ሰው ሲፈልግ በቴሌቪዥን እያየሁ አለቀስኩ። ያኔ ግን የሚፈልገው እኔና ያቺ ልጅ ብቻ ነበርን።

ዓርብ ሩቅ መሰለኝ። ካርቶኑን አየሁት። ተምኔ! የተምኔ ሰው አለን፤ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ የሴራሊዮን ሰው፣ ስንት ጊዜ ለፍርድ ቤት የላክነው።

"ጋሼ፣ ተምኔው ይሂድ" አልኩ።

"አይሆንም።"

"ለምን? ዘመዳሞች ናቸው ብለውኛል እኮ!"

"ዘመድነት መግባባት አይደለም። ሐረሪ የኛ ዘመድ ነው፤ ሐረሪ ትሰሚያለሽ?"

"ትንሽ ትንሽ..."

"ምንም አትሰሚም!" ጠረጴዛውን ቸብ አደረጉት። "ተምኔ ደግሞ በዚህ ወገን ነው፣ ኪሲ በዚያኛው። ሸርብሮ ቢሆን እንኳ ጥቂት ይቀርብ ነበር።"

"አትላንታ ውስጥ ሸርብሮ ከየት አመጣለሁ? ከምንም ይሻላል ጋሼ፣ በሞቴ።"

የራሴን ጥፋት ለማረም እንደምሯሯጥ ገብቷቸዋል። በመጨረሻ "ይሂድ። ግን ዘመድ ቋንቋ እንጂ ያው ቋንቋ እንዳልሆነ ፎርሙ ላይ ጻፊ" አሉኝ። እሺ አልኩ። አሁንም እሺ።

ሰውየው በአሥር ሰዓት ገደማ ደወለ። ድምፁ ደክሞታል።

"ሰማህ?" አልኩት ገና ሰላም ሳይለኝ።

"ከሃያ ቃል አንዱን ብይዝ ነው። ቤተሰብነቱ አለ፣ ሽታው አለ። ግን እኛ አንድ ነገር ሰው ይሁን ዕቃ ዓይነቱን የምትለየውን ቁራጭ ከቃሉ ፊት ነው የምናስቀምጣት፤ እሳቸው ከኋላ ነው የሚቀጥሏት። እኔ ከፊት ከፊት ስጠብቅ ቃሉ ያልፈኛል። ደግሞ በዜማ ነው የሚናገሩት፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከፍታው ራሱ ትርጉም አለው መሰለኝ።"

"እሺ፣ የያዝከውስ?"

"ውሃ።"

"ውሃ?"

"ውሃ የምትለዋን እርግጠኛ ነኝ፣ ከኛው ጋር ትመሳሰላለች። አሥር ጊዜ ብለዋታል። ውሃ፣ ውሃ። በፊቷና በኋላዋ ያለውን ግን አላውቅም።"

ፎርሙ ፊቴ ተከፍቷል። "በሽተኛው ምን አለ" የሚል ሳጥን አለበት።

"ውሃ ጠየቁ ብዬ ልጻፍ?" አልኩት።

"ጠየቁ አላልኩም። ውሃ አሉ ነው ያልኩሽ።"

"ታዲያ ምን ልጻፍ? 'ውሃ' ብዬ ብቻዋን ልተዋት? በሽተኛ ውሃ ካለ ጠምቶታል ማለት ነው እንጂ ስለ ወንዝ አያወራ!"

"አንቺ ታውቂያለሽ" አለኝ። ከባድ ሰው ነው፣ አይከራከርም። ተሳፋሪ እየጠበቀው ነበር።

ጻፍኩ። "በሽተኛዋ ውሃ እንዲሰጣቸው ይጠይቃሉ።" ቋንቋው በሚለው ሳጥን ውስጥ ከዝርዝሩ ሌላ ማስገባት ስለማይቻል ኪሲ እንዳለ ቀረ። ዘመድ ቋንቋ ነው የምትለዋን ጋሼ ያዘዙኝን የት እንደማስገባት ጠፋኝ፣ ሰዓቱም ደረሰ፣ ላክሁት። ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ነዳሁ። ሠራሁላቸው ብዬ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ራሷ ደወለችልኝ። ልታመሰግነኝ ነው የደወለችው!

"ወረቀቱ ላይ ውሃ ትፈልጋለች የሚለውን ባላይ ሞኝ ሆኜ እቀር ነበር" አለች። "የሆስፒታሉን ውሃ ሁልጊዜ ትመልሰዋለች፣ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ትናንት ማታ ቤት ሄጄ ከራሳችን ጉድጓድ በትልቁ ጠርሙስ ሞልቼ አመጣሁላት። እሱን ነው የለመደችው።"

"ጎበዝ!" አልኳት።

"ዛሬ ጠዋት ስሰጣት ግን አልጠጣም አለች። ሳሳያት ጮኸች። ጽዋውን በእጇ መታችው። ነርሷ 'ውሃ ትጠይቃለች፣ ሲሰጧት ትከለክላለች፣ ግራ ተጋብታለች' ብላ ጻፈች። ምንም እንደሌለው እንድታይ እኔ ፊቷ ጠጣሁላት። ስጠጣ አለቀሰች። ምን ላድርግ?"

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ተነሥቼ ነበር። ተመልሼ መጣሁ፤ መጻፍ አለብኝ። ልቤ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር። ኬንያዊው "እየለመኑ ነው" ያለው ትዝ ብሎኛል፣ አስምሎ ለሚጠይቀኝ ምዬ እነግረዋለሁ፣ ትዝ ብሎኛል። የተጠማ ሰው ውሃ ሲያይ ይጮኻል እንዴ? ግን ዓርብ ነገ ነው፣ ነገ ሁሉም ይታወቃል፣ ልጅቷንም ማጽናናት ፈለግሁ። ደግ መሆን አማረኝ።

"አይዞሽ" አልኳት። "ያረጀ ሰው ሲታመም እንደ ሕፃን ነው። አንቺ እየጠጣሽ ደጋግመሽ ሞክሪ።"

ደጋግመሽ ሞክሪ! ምነው ያን ጊዜ ምላሴ በተቆለፈ።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ "ራስሽ ሂጂ፣ ስልኩን ራስሽ አገናኚ" አሉኝ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር እየተንቀረፈፍኩ ነዳሁ። ፓርክ አድርጌ ስገባ ልጅቷ ክፍሉ ውስጥ የለችም። ነርሷ "ከጠዋት ጀምሮ እያስመለሳት ነው፣ መጸዳጃ ቤት ናት። እርግዝና ነው" አለችኝ። መስኮቱ ሥር ትልቁ ጠርሙስ ቆሟል። ከግማሽ በታች ጎድሏል።

እማማ ቀጭን ናቸው፣ ዓይናቸው ትልልቅ። ስገባ አላዩኝም፣ በሩን ነው የሚያዩት። ስልኩን አልጋው ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ድምፁን ከፍ አደረግሁት። የሴትየዋ ድምፅ ከሩቅ ስቴት መጣ፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ራሷን አስተዋወቀች፣ ቀጥላ በኪሲ ሰላም አለቻቸው።

እማማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አፋቸው አስጠጉት። ከዚያ ተናገሩ። አልጮሁም፣ አላለቀሱም፤ ቶሎ ቶሎ፣ ጥርት አድርገው ተናገሩ። አስተርጓሚዋ በመሐል አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው።

"ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ሥራ ሳለች አንድ ሰው በጭነት መኪና መጥቶ ከጓሮው መጋዘን አሮጌ በርሜል አወጣ። በርሜሉን ጉድጓዱ አፍ አጠገብ ደፋው። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ከሰዓት በኋላ ከጉድጓዱ ጠጣሁ፤ ሽታውን የለየሁት ከጠጣሁ በኋላ ነው፤ አገሬ ለተባይ የሚረጩት መርዝ ነው። ልጅቷን ከውሃው አትጠጪ በሏት። አራት ቀን ሙሉ ይህንኑ እነግራችኋለሁ። ትናንት ፊቴ ጠጣች።"

ነርሷ ጠርሙሱን አየችው። እኔም አየሁት። ከዚያ ነርሷ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሮጠች።

ልጅቷ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። ወንድ ነበር። የቤቱ አከራይ በርሜሉን እንዲያነሳ የላከው ሰው የት እንደሚደፋው አልተነገረውም ነበር አሉ፤ ያንን ሌሎች ሰዎች ተከታትለውታል፣ እኔ አልተከታተልኩም። እኔ የምከታተለው ሌላ ነበር። ሐኪሙን ጠየቅሁት። ሰኞና ማክሰኞ፣ ረቡዕም እስከ ማታ ድረስ፣ ልጅቷ ያን ውሃ አፏ ላይ አላደረገችም። ከማሽኑ ነበር የምትጠጣው። የጠጣችው ሐሙስ ነው።

በሳምንቱ ስለ ሕፃኑ ለእማማ መንገር ግድ ሆነ፤ እሳቸው ተሽሏቸው ሊወጡ ነው፣ የልጅቷን ሆድ ያያሉ። ሆስፒታሉ ያቺኑ የኪሲ አስተርጓሚ በስልክ ጠየቀ። መሄድ አልነበረብኝም፣ ስልኩን ነርስም ታገናኘዋለች። ጋሼም "ተይው፣ ይበቃሻል" ብለውኝ ነበር። ሄድኩ።

ልጅቷ በተሽከርካሪ ወንበር መጥታ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። ሐኪሙ ተናገረ፣ አስተርጓሚዋ ተረጎመች። እማማ እጃቸውን ልጅቷ ሆድ ላይ አደረጉ። ለብዙ ጊዜ እንዲያ ሆኑ። እኔ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

ከዚያ እማማ ልጅቷን ጠየቁ፤ አስተርጓሚዋ ወደ እንግሊዝኛ አመጣችው። "እየከለከልኩሽ ለምን ያን ውሃ አመጣሽልኝ?"

"ጠምቷታል ብለውኝ ነው" አለች ልጅቷ። "ውሃ ትፈልጋለች ብለው ወረቀቱ ላይ ጽፈውልኝ።"

አስተርጓሚዋ መለሰችላቸው። እማማ ክፍሉ ውስጥ ያለነውን ሰዎች አንድ በአንድ አዩን። ሐኪሙን አዩ፣ ነርሷን አዩ፣ እኔን አዩ። አንድ አጭር ነገር ተናገሩ።

"ማን ነው የጻፈው? ነው የሚሉት" አለ ስልኩ።

ልጅቷ አታውቅም፤ ወረቀቱ ስም የለውም። ሐኪሙም ነርሷም አያውቁም። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

በአማርኛ ነበር ያልኩት። ሳላስበው።

"ያልገባኝ ድምፅ አለ" አለች አስተርጓሚዋ። "የተናገሩት እባክዎ በእንግሊዝኛ ይድገሙልኝ፣ ላድርስላቸው።"

ልጅቷ ዞራ አየችኝ። በስልክ የምታውቀው ድምፅ የኔ መሆኑ ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁ። በእንግሊዝኛ ደገምኩት። አስተርጓሚዋ ወደ ኪሲ መለሰችው፤ ከሁለት ቃል አይበልጥም። እማማ እጃቸውን ከልጅቷ ሆድ ሳያነሱ፣ እኔን እያዩ፣ ሰሙት።